የሕፃናት የሆድ ቫይረስ ፈጣን ምርመራ ለማን ይጠቅማል?

ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያደረ ሕፃን ታቅፋ ወደ ሕክምና የምትመጣ እናት ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጄን ምን ያዘብኝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቃል አይነገርም፤ ከዓይኗ ግን ይነበባል፤ «ይተርፍልኛል ወይ?» የሚል ነው። ዛሬ በብዙ የሕክምና ተቋማት የተለመዱት የሆድ ቫይረስ ፈጣን መመርመሪያዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ለመመለስ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ አይመልሱም። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲምታቱ ደግሞ ቫይረስ የተገኘበት ሕፃን ያለ ልክ ያስፈራል፣ ያልተገኘበት ሕፃን ያለ ልክ ተስፋ ይሰጣል፤ በመካከሉም መታየት የነበረበት ነገር ሳይታይ ያልፋል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አንድ ሁለት አኃዞችን ማየት በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.7 ቢሊዮን የሚደርስ የሕፃናት ተቅማጥ ይከሰታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት መካከልም 444 ሺሕ ገደማ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ። ከእነዚህ ሕመሞች ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ቫይረሶች ሲሆኑ፣ ዋና ዋናዎቹ ሮታ ቫይረስ፣ ኖሮ ቫይረስ፣ የአንጀት አዴኖ ቫይረስ፣ አስትሮ ቫይረስና ሳፖ ቫይረስ ናቸው። ከእነዚህ አንዳቸውም በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይድኑም። በሁሉም ሕፃኑን ለሞት የሚያበቃው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸውም በትውከትና በተቅማጥ የሚወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ መቅረቱ ነው።

እነዚህን ቫይረሶች ማወቅ ከተጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዎክ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የትውከትና የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በተወሰደ ናሙና ውስጥ አልበርት ካፒኪያን የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በ1972 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቫይረሱን ማየት ቻሉ፤ ኖሮ ቫይረስም ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከታመሙ ሕፃናት ትንሽ አንጀት በተወሰደ ቁራጭ ውስጥ ሌላ ቫይረስ አገኙ። መንኮራኩር የመሰለ ቅርጹ ታይቶም በላቲን መንኮራኩር ማለት የሆነውን «ሮታ» የሚል ስም አገኘ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ባክቴሪያም ጥገኛ ተውሳክም ካላገኘ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ ይጽፍ የነበረበት መዝገብ እጅግ ብዙ ነው። ያን ጊዜ አንድ ክፍል የሚሞላ ማይክሮስኮፕና ለዓመታት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ የጣት ቁመት ባላት የፕላስቲክ ካሴት ላይ መከናወኑ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው።

ካሴቷ እንዴት እንደምትሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጥንካሬዋም ድክመቷም የሚገኘው እዚያው ነውና። ባለሙያው ከሕፃኑ ሰገራ የምስር ፍሬ የምታህል መጠን ወስዶ ማቅጠኛ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ያደርግና ይነቀንቃል። ከዚያ ጥቂት ጠብታዎች በካሴቷ ቀዳዳ ላይ ያንጠባጥባል። ፈሳሹ በውስጥ በተነጠፈው ቀጭን ወረቀት መሰል ንጣፍ ላይ እየተሳበ ሲሄድ፣ ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈባቸውን እጅግ ደቃቅ ባለቀለም ቅንጣቶች ይዞ ያልፋል። በናሙናው ውስጥ የሚፈለገው ቫይረስ ፕሮቲን ካለ ቅንጣቶቹ ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ ፊት ለፊት በመስመር የተደረደረ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ቀለሙ በዚያ ሲጠራቀም መስመር ሆኖ ይታያል። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው የመቆጣጠሪያ መስመር ፈሳሹ በትክክል እስከ መጨረሻው መጓዙን ያረጋግጣል፤ ይህ መስመር ካልታየ ምርመራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የእርግዝናም ሆነ የኮቪድ-19 ፈጣን መመርመሪያ ያየ ሰው አሠራሩ አንድ መሆኑን ይገነዘባል።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው የመጀመሪያው ቁም ነገር ካሴቷ ቫይረሱን አታባዛም የሚለው ነው። ያለውን ብቻ ታያለች፤ ያለውም በቂ መሆን አለበት። በዚህ ረገድ ሮታ ቫይረስ ለፈጣን ምርመራ የተመቸ ነው። በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን የሚበልጡ የቫይረስ ቅንጣቶች ሊወጡ ይችላሉ፤ መመርመሪያው የሚፈልገው ቪፒ6 የተባለው ፕሮቲንም ሰውን በብዛት በሚያሳምመው የሮታ ቫይረስ ምድብ ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም። ስለዚህ በሚገባ የተሠሩ የሮታ ቫይረስ ኪቶች ከታመሙት ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ለይተው ያወጣሉ።

ኖሮ ቫይረስ ግን እንዲህ አይደለም። ከ40 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፤ የውጭ ሽፋኑም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለአንዱ ዝርያ የተዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን ላይዝ ይችላል። በዚህ የተነሣ የኖሮ ቫይረስ ፈጣን ኪቶች በተለያዩ ጥናቶች ከታመሙት መካከል ከግማሽ ያነሱትን ብቻ ያገኙበት ጊዜም፣ ከ80 በመቶ በላይ ያገኙበት ጊዜም አለ። የሌለውን ቫይረስ «አለ» የማለት ችግራቸው ግን አነስተኛ ነው። በሌላ አባባል፣ መስመሩ ከታየ ውጤቱን ማመን ይቻላል፤ ካልታየ ግን ቫይረሱ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ልዩነት በአንድ ካሴት ላይ ጎን ለጎን ሮታንም ኖሮንም የሚመረምሩ ኪቶች ሲመጡ ይዘነጋል፤ ሁለት ባዶ መስመሮች እኩል ትርጉም ያላቸው ይመስላሉና።

ቁጥሩን በምሳሌ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ኪት ከታመሙ 100 ሕፃናት 90ዎቹን የሚያገኝ፣ ካልታመሙ 100 ሕፃናት ደግሞ 95ቱን በትክክል «ነፃ» የሚል ነው እንበል። ቫይረሱ በተስፋፋበት ወቅት ከመጡ 1,000 ተቅማጥ ያለባቸው ሕፃናት መካከል 400ው በእርግጥ ይህ ቫይረስ ቢኖርባቸው፣ ኪቱ 360ውን ያገኛል፤ ከቀሩት 600 መካከል ደግሞ 30ውን በስሕተት «አለባቸው» ይላል። ስለዚህ ቫይረስ አለባቸው ከተባሉት 390 ሕፃናት 92 በመቶ የሚሆኑት በእርግጥ አለባቸው። ያው ኪት ቫይረሱ በጠፋበት ወቅት፣ ከ1,000 ሕፃናት 20ው ብቻ በተያዙበት ጊዜ ቢሠራበት፣ 18ቱን ያገኝና 49ኙን በስሕተት ይጨምራል። አሁን «አለባቸው» ከተባሉት 67 ሕፃናት መካከል እውነተኛዎቹ 27 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ኪቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በአካባቢው ያለው የቫይረስ ብዛት ነው። በመካከለኛ የአየር ጠባይ ባሉ አገሮች ሮታ ቫይረስ በብርድ ወራት ይበረታል፤ በሞቃታማ አገሮች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ስለሆነም ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያ በዚያ ሰሞን ምን እየተስፋፋ እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል፤ በሁለት ወቅቶች የታየ አንድ ዓይነት መስመር አንድ ዓይነት እምነት አይጣልበትም።

የናሙና አወሳሰድም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሕፃናት ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ውሃ ስለሆነ ዳይፐሩ ውስጥ ይሰምጥና ለምርመራ የሚበቃ ነገር ይጠፋል። ናሙናው ሕመሙ ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ቀናት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የቫይረሱ መጠን እየቀነሰ ስለሚሄድ ካሴቷ ላታየው ትችላለች። ሰገራው ከተገቢው በላይ ከበዛ ንጣፉን ይደፍነዋል፤ ፈሳሹ አይጓዝም። ውጤቱ ከተወሰነለት ደቂቃ በኋላ ቢነበብ ደግሞ ንጣፉ ሲደርቅ የሚወጣ ደብዛዛ ጥላ እንደ መስመር ሊታይ ይችላል። ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ ካሴቷ ጠረጴዛ ላይ ተረስታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምትነበብ ከሆነ ትርጉም ያለው ውጤት አይጠበቅም።

መስመሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ የሚሳሳትበት ሁኔታም አለ። የሮታ ቫይረስ ክትባት በአፍ የሚሰጥ፣ ኃይሉ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ ክትባቱን በወሰደ በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት የክትባቱ ቫይረስ በሰገራው ሊወጣና ምርመራውም ሊያገኘው ይችላል። የክትባት ካርዱን ያላየ ባለሙያ ይህን ሕፃን «ክትባቱ ያልሠራለት» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ደግሞ ወላጆች በክትባቱ ላይ ያላቸውን እምነት ያለ በቂ ምክንያት ይሸረሽራል። የአዴኖ ቫይረስ ምርመራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ተቅማጥ በዋናነት የሚያመጡት 40 እና 41 የተባሉት ዓይነቶች ቢሆኑም፣ አንዳንድ ኪቶች ማንኛውንም አዴኖ ቫይረስ ይይዛሉ። ጉንፋን ያመጣ ሌላ ዓይነት አዴኖ ቫይረስም በሰገራ ሊወጣ ስለሚችል ውጤቱ ከሕፃኑ ተቅማጥ ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል።

እነዚህን ድክመቶች ለመሻገር የመጡት የቫይረሱን ዘረመል የሚያባዙ የፒሲአር መሣሪያዎች ናቸው። ባዮፋየር ፊልምአሬይ በተባለው መሣሪያ የሚሠራውና እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የአንጀት ሕመም ምርመራ፣ ከአንድ ናሙና በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ 22 ዓይነት ባክቴሪያዎችን፣ ጥገኛ ተውሳኮችንና ቫይረሶችን ይፈልጋል። የላይኞቹ አምስት ቫይረሶች በሙሉ በውስጡ አሉ። ነገር ግን እጅግ ጥቂቱን ማየት መቻሉ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። ኖሮ ቫይረስ ሕፃኑ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት በሰገራ ይወጣል፤ ምንም ያልታመሙ ሕፃናትም በአንጀታቸው ቫይረስ ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ ፒሲአር ሁለት ወይም ሦስት ተሕዋስያን በአንድ ሕፃን ላይ ሲያገኝ የትኛው የዛሬውን ሕመም እንዳመጣ አይናገርም። በአፍሪካና በእስያ በ7 አገሮች የተካሄደውና ዋና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጌምስ የተባለ ትልቅ ጥናት ከታመሙት ጎን ለጎን ያልታመሙ ሕፃናትን ጭምር የመረመረው በዚህ ምክንያት ነበር። ናሙናዎቹ በኋላ መጠንን በሚለካ ፒሲአር እንደገና ሲታዩ፣ የተሕዋሲው መገኘት ብቻ ሳይሆን ብዛቱ ጭምር ሲመዘን፣ የመንስኤዎቹ ድርሻ ከቀድሞው በእጅጉ ተለውጦ ተገኝቷል።

አሁን ከእናቲቱ ዓይን ወደሚነበበው ሁለተኛ ጥያቄ፣ «ይተርፍልኛል ወይ?» ወደሚለው እንመለስ። የሕፃኑን ዕጣ የሚወስነው የቫይረሱ ስም ሳይሆን የጠፋው ፈሳሽ መጠን ነው፤ ይህ ደግሞ በዓይንና በእጅ ይታወቃል። ዓይኑ ሰርጉዷል ወይ? ሲሰጡት በጉጉት ይጠጣል ወይስ መጠጣት አቅቶታል? ይነጫነጫል ወይስ ፈዝዟል? የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተይዞ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል ወይስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይቆያል? ይህን ሁሉ ለማየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። መልሱ ሕፃኑ ቤቱ ሆኖ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ፣ በሕክምና ተቋም ቆይቶ ይጠጣ ወይስ ወዲያውኑ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠው የሚለውን ይወስናል። ሮታም ይሁን ኖሮ፣ ወይም ሁለቱም አይሁኑ፣ ሕክምናው አይለወጥም። ሕፃኑ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል፣ ጡት አለማቋረጥ፣ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን መስጠት ነው። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የአጣዳፊ ተቅማጥ ሕፃናት የላቦራቶሪ ምርመራ በመደበኛነት አያስፈልግም ያለው ከዚህ በመነሣት ነው። የካሴቷን ውጤት እየጠበቁ ሕፃኑን ያለ ፈሳሽ ማቆየት በእኔ እምነት በምንም መልኩ ተቀባይነት የለውም።

ከዚህም የባሰው አደጋ መስመሩ ሌላ በሽታን ሲሸፍን ነው። ማስመለስ የሆድ ቫይረስ ብቻ ምልክት አይደለም፤ የማጅራት ገትር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ገና ያልታወቀ የስኳር በሽታም እንዲሁ ይጀምራሉ። አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ጎረቤቱ ክፍል የሚሸጎጥበት ሕመም ያለበት ጨቅላ እየቆየ በሚመለስ ቁርጠት ያለቅሳል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ በመካከሉ ዝም ብሎ ይዝለፈለፋል፤ ቆይቶም ደም የተቀላቀለ ዝልግልግ ሰገራ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ሕፃን በአጋጣሚ ቫይረስም ቢገኝበት «ምክንያቱ ታወቀ» ተብሎ ቢመለስ የአንጀቱ ክፍል በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋና የጠነከረ ሆድ፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ ካለ የካሴቷ ውጤት ምንም ይሁን ምን ፍለጋው ይቀጥላል።

ታዲያ ይህ ምርመራ ከነጭራሹ አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። ጥቅሙ በአብዛኛው የሚገኘው ከተመረመረው ሕፃን አልጋ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ካሉት አልጋዎች ላይ ነው። በሕፃናት ክፍል ውስጥ በሳንባ ምች የተኛ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ካንሰር እየታከመ ሰውነቱ የመከላከል አቅም ያጣ ልጅ አለ። በዚያ ክፍል አንድ ሕፃን ድንገት ማስመለስ ቢጀምር፣ ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች የሚበቁት ቫይረስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ በነርሷ እጅ፣ በአልጋው ብረት፣ በጋራ አሻንጉሊት ይዛመታል። በ15 ደቂቃ ውስጥ የታየ መስመር ያን ሕፃን በዚያው ሰዓት ወደ ብቻው ክፍል ለማዛወር፣ ለእሱ ብቻ የሚመደብ ነርስ ለመለየት፣ የክፍሉን የጽዳት ዓይነት ለመቀየር ያስችላል። ጽዳቱን መቀየር የሚለው በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ሮታም ኖሮም የስብ ሽፋን የሌላቸው ቫይረሶች ናቸው፤ በተለይ ኖሮ ቫይረስን በእጅ የሚታሸው አልኮል በሚገባ አያጠፋውም። እጅን በውሃና በሳሙና ፈትጎ መታጠብ፣ ወለሉንና ዕቃውን በክሎሪን ማጽዳት የግድ ይሆናል። በየበሩ አልኮል ማንጠልጠልን የለመደ ክፍል ይህን የሚያስታውሰው ቫይረሱ በስሙ ሲጠራ ነው።

መስመር አለመታየቱ ግን ከላይ ባየነው ምክንያት፣ በተለይ ለኖሮ ቫይረስ፣ ልጁን ከሌሎች ጋር ለማቀላቀል ፈቃድ አይሆንም። በአንድ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው አምስት ስድስት ሕፃናት ካሉ ግን ሁሉንም መመርመር ብልህነት ነው፤ ከታመሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ብቻ የሚያገኝ ኪት እንኳ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ አንድ ከተገኘም ሌሎቹም በዚያው መጠርጠር አለባቸው። ለአንድ ሕፃን ደካማ የሆነው ምርመራ ለቡድን ሲሆን ጠንካራ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቅም ያለ አግባብ የሚታዘዘውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማስቀረት ነው። ደም የሌለበት ውሃማ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን፣ ኮሌራ ካልተጠረጠረ በቀር፣ መድኃኒቱን አያስፈልገውም፤ ይህ ከምርመራው በፊትም የታወቀ ነው። ሆኖም «መድኃኒት ሳትሰጡኝ ልትመልሱኝ ነው?» ለሚል የተጨነቀ ወላጅ በዓይኑ የሚያየው መስመር ከረጅም ማብራሪያ የበለጠ ያሳምነዋል፤ ለማዘዝ እጁ የተዘረጋውን ሐኪምም ይገታዋል። አላስፈላጊው መድኃኒት የሕፃኑን ተቅማጥ ሊያባብስ እንደሚችልና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እንደሚያበራክት ስናስብ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ሦስተኛው ክትባቱን መከታተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሮታ ቫይረስ ክትባት በሁሉም አገሮች መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2009 መክሯል። ክትባቱ በተስፋፋባቸው አገሮች የሮታ ድርሻ ሲቀንስ ኖሮ ቫይረስ ወደ ፊት መጥቷል፤ በአሜሪካ ለምሳሌ ሕፃናትን ወደ ሕክምና ከሚያመጡ የሆድ ሕመሞች ቀዳሚው መንስኤ ሆኗል። ይህ ለውጥ የታወቀው ለዓመታት በተመሳሳይ መንገድ ናሙና እየወሰዱ የሚመረምሩና የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ስለነበሩ ነው።

መዝገቡ ታዲያ «ሮታ፣ አለ» ወይም «የለም» ብቻ የሚል ከሆነ ብዙ አይጠቅምም። ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ የኪቱ ስምና ውጤቱ የተነበበበት ደቂቃ፣ የመጨረሻው የሮታ ክትባት የተሰጠበት ቀን፣ ሕፃኑ ሲመጣ የነበረው የፈሳሽ እጥረት ደረጃ አብረው መጻፍ አለባቸው። በተለይ የመጨረሻው፣ የፈሳሽ እጥረቱ ደረጃ፣ ካሴቷ ከመከፈቷ በፊት መሞላት ይኖርበታል።